የወታደራዊ ሄድሴት በሲቪል ቀላል አውሮፕላን ውስጥ፦ የመሰኪያው መግጠም ብቻውን ለምን አይበቃም?

መግቢያ

ባለአንድ ሞተር በሆነ ቀላል አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ሆኖም ሞተሩ ከተነሣ በኋላ እነዚህ ሰዎች ያለ መሣሪያ እርዳታ ተደማምጠው መነጋገር ይሳናቸዋል። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ አውሮፕላኖች ውስጥ በበረራ ጊዜ የሚኖረው ጩኸት 90 ዴሲቤል ገደማና ከዚያም በላይ ነውና። ስለዚህ አብራሪዎች ሦስት ተግባራትን በአንድ ጊዜ የሚያከናውን መሣሪያ በራሳቸው ላይ ያጠልቃሉ። መሣሪያው ጆሮን ከጩኸት ይከላከላል፤ የሬዲዮውን ድምፅ ያሰማል፤ የአብራሪውን ንግግር ወደ ሬዲዮው ያደርሳል። በበረራው ዓለም የተለመደው ስሙ ሄድሴት ስለሆነ እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ቃል እንጠቀማለን።

ከጦር ኃይሎች አገልግሎት የወጡ ሄድሴቶች በተለያዩ አገሮች ገበያ ላይ ይገኛሉ። ጠንካሮች ናቸው፤ ለንዝረት፣ ለሙቀትና ለእርጥበት ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ዋጋቸው ከአዲስ የሲቪል ሄድሴት ያነሰ ነው። በመሆኑም የቀላል አውሮፕላን ባለቤቶችና ኤሌክትሮኒክስ የሚወዱ ወጣቶች «ይህን ዕቃ መሰኪያውን ለውጠን ብንጠቀምበትስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነውን የኦም ሕግ፣ የትራንስፎርመር ሕግና የድምፅ ፊዚክስ አንድ ላይ የሚያሠራ ሆኖ እናገኘዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ሕጎች በአንድ ተጨባጭ ችግር ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ማሳየት ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። በበረራ ሬዲዮ ዘንድ ደግሞ ሌላም አደጋ አለ፤ ከአፍ የወጣው ቃል ከአድማጩ ጆሮ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ግዛት በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። የአደጋው መንስኤ ሄድሴት አልነበረም፤ ጭጋጉ፣ አንደኛው አውሮፕላን ሳይፈቀድለት ለመነሣት መንደርደሩና ግልጽነት የጎደለው የቃላት አጠቃቀም ተደራርበው ያስከተሉት ነበር። ሆኖም ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ እዚህ ላይ በቀጥታ ይመለከተናል። ከመቆጣጠሪያ ማማው የተላለፈውና ከሌላኛው አውሮፕላን የተላለፈው መልእክት በአንድ ጊዜ በአየር ላይ ስለዋሉ፣ በመንደርደር ላይ በነበረው አውሮፕላን ውስጥ ወሳኙ ንግግር በፉጨት መሰል ድምፅ ተጋርዶ ነበር። ጥቂት ሴኮንዶች የፈጀ የድምፅ ጉድለት ከብዙ ሕይወት ጋር የሚያያዝበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በሬዲዮ ቁጥሮች የሚነበቡበትን አነጋገር ሳይቀር የወሰነው በዚህ ዓይነቱ ሥጋት የተነሣ ነው። በእንግሊዝኛ 5 ቁጥር «ፋይፍ»፣ 9 ቁጥር ደግሞ «ናይነር» ተብለው ይነበባሉ። «ፋይቭ» እና «ናይን» አናባቢያቸው አንድ በመሆኑ በጩኸት ውስጥ በቀላሉ ይምታታሉና። አናባቢዎች ብዙ ኃይል ይዘው የሚወጡ ድምፆች ሲሆኑ፣ ቃልን ከቃል የሚለዩት እንደ «ፍ»፣ «ስ» እና «ት» ያሉ ተነባቢዎች ግን ደካማ ኃይል ያላቸውና በአብዛኛው በከፍተኛ ድግግሞሾች ላይ የሚገኙ ናቸው። በደንብ ያልተላመደ ሄድሴት አስቀድሞ የሚያጠፋው እነዚህን ነው። አድማጩ «ድምፅ ይሰማኛል» ይላል፤ የተባለውን ግን አይለይም።

ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ልማዶች

በአብዛኛዎቹ የሲቪል ቀላል አውሮፕላኖች ሄድሴት በሁለት መሰኪያዎች፣ በተለምዶ ስፒና በምንላቸው ጫፎች፣ ይያያዛል። ለጆሮ ማዳመጫው የሚሆነው ፒጄ-055 ሲባል ዲያሜትሩ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ለማይክሮፎኑ የሚሆነው ፒጄ-068 ሲባል ዲያሜትሩ 5.23 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመጠናቸው መለያየት አንዱን በሌላው ቦታ እንዳንሰካ ይረዳል።

የሚገርመው እነዚህ «የሲቪል» መሰኪያዎች ራሳቸው የጦር ሠራዊት ውርስ መሆናቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ፒኤል-55 እና ፒኤል-68 በሚል መለያ ይጠቀምባቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የሲቪሉ በረራ የተረከበውን ልማድ ይዞ ቀጠለ፤ ሠራዊቱ ግን ወደ ሌላ ሥርዓት ተሻገረ። ዛሬ በብዙ ወታደራዊ ሄድሴቶችና በሄሊኮፕተሮች ላይ የምናገኘው ዩ-174/ዩ የተባለው ነጠላ መሰኪያ አራት ግንኙነቶችን በአንድ ግንድ ላይ ደርድሮ የያዘ ሲሆን፣ ዲያሜትሩ 7.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ማሳሳቻ ይገጥመናል። ዩ-174/ዩ መሰኪያ በሲቪል ሄሊኮፕተሮችም ላይ ይገኛል፤ ነገር ግን ከበስተጀርባው ያለው ኤሌክትሪክ የሲቪሉን ልማድ የሚከተል ነው። ስለዚህ የመሰኪያዎች መመሳሰል የኤሌክትሪክ መመሳሰልን አያረጋግጥም። ወታደራዊ ሄድሴት ሁሉም አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በአገራችን አየር ኃይል ታሪክ እንኳ የአሜሪካም ሆነ የሶቪየት ኅብረት ሥሪት አውሮፕላኖች አገልግለዋል። በሶቪየት ሥሪት መሣሪያዎች ዘንድ በከንፈር ፊት በሚቆም ማይክሮፎን ፋንታ ከጉሮሮ ቆዳ ላይ ንዝረትን የሚቀበል ላሪንጎፎን የተባለ ማይክሮፎን ተዘውትሮ ይገኛል። ይህ መሣሪያ የውጭ ጩኸትን በደንብ ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ «ስ» እና «ፍ» የሚፈጠሩት በአፍ ውስጥ እንጂ በጉሮሮ ባለመሆኑ የንግግሩን ጥራት ይቀንሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የአሜሪካን ሥርዓት የሚከተለውን፣ በከንፈር ፊት የሚቆም ማይክሮፎን ያለውን ሄድሴት ነው።

የጆሮ ማዳመጫው፦ የኢምፒዳንስ ጥያቄ

ኢምፒዳንስ ማለት አንድ ዕቃ ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ጠቅላላ ተቃውሞ ሲሆን የሚለካውም በኦም ነው። የሲቪል አውሮፕላን ማዳመጫዎች በአብዛኛው ከ150 እስከ 600 ኦም ይሆናሉ። የወታደራዊው ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ለስሌታችን እያንዳንዳቸው 19 ኦም የሆኑ ሁለት ማዳመጫዎችን እንውሰድ። በትይዩ ከተያያዙ ጠቅላላ ኢምፒዳንሳቸው 9.5 ኦም ይሆናል።

የሬዲዮው የድምፅ መውጫ 300 ኦም ውስጣዊ ኢምፒዳንስ አለው እንበል። ከምንጩ ከፍተኛው ኃይል የሚወጣው የተቀባዩ ኢምፒዳንስ ከምንጩ ጋር እኩል ሲሆን ነው። እኩል ካልሆነ፣ ተቀባዩ የሚያገኘው ኃይል ከከፍተኛው ጋር ሲነጻጸር የሚኖረው ድርሻ የሚከተለው ነው።

ድርሻ = 4 × ምንጭ × ተቀባይ ÷ (ምንጭ + ተቀባይ)²

ቁጥሮቹን ብናስገባ 4 × 300 × 9.5 ÷ (309.5)² = 0.12 ገደማ እናገኛለን። ይህም 12 በመቶ ብቻ ነው፤ በዴሲቤል ሲገለጽ ከ9 በላይ ኪሳራ አለው። ድምፁ ይሰማል፤ በጩኸት ውስጥ ግን ይደክማል።

ከዚህ የከፋው ችግር የሚደርሰው በጎረቤት ላይ ነው። በብዙ አውሮፕላኖች የአብራሪውና የረዳት አብራሪው ማዳመጫ ከአንድ መውጫ ላይ በትይዩ ይያያዛሉ። ሁለቱም 300 ኦም ሲሆኑ በጋራ 150 ኦም ይሆናሉ፤ ከምንጩ ቮልቴጅም 150 ÷ 450፣ ማለትም 0.333 ያህሉን ያገኛሉ። ከሁለቱ አንዱን በ9.5 ኦም ብንተካ ግን የጋራ ኢምፒዳንሳቸው ወደ 9.2 ኦም ይወርዳል፤ የሚያገኙት ቮልቴጅም 0.03 ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ ማለት ምንም ያልተነካው ትክክለኛ ሄድሴት የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ11 ጊዜ በላይ አነሰ፣ በዴሲቤል ደግሞ 21 ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ወታደራዊውን ሄድሴት ያጠለቀው ሰው በመጠኑ እየሰማ፣ አጠገቡ ያለው ግን ምንም ላይሰማ ይችላል። ይህን ችግር ባለቤቱ በራሱ ጆሮ ብቻ ፈትኖ ሊደርስበት አይችልም።

አንዳንድ ዘመናዊ የድምፅ መሣሪያዎች ውስጣዊ ኢምፒዳንሳቸው ከ300 ኦም ያነሰ ነው። በእነዚህ ላይ የሚገጥመው ችግር መልኩ ይለያል። ዝቅተኛው ኢምፒዳንስ ከታሰበው በላይ ከረንት ስለሚስብ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ይጫናል፤ ድምፁም ይዛባል።

መፍትሔዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሁለቱን ማዳመጫዎች ከትይዩ ወደ ተከታታይ ማዛወር ነው። ያን ጊዜ ኢምፒዳንሳቸው 38 ኦም ይሆናል፤ የኃይል ድርሻውም 4 × 300 × 38 ÷ (338)² = 0.40 ይደርሳል። ከ12 በመቶ ወደ 40 በመቶ ማደግ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በተከታታይ ግንኙነት አንደኛው ሽቦ ቢበጠስ ሁለቱም ጆሮዎች በአንድ ጊዜ ይደነቁራሉ። በትይዩ ግንኙነት ግን አንዱ ይቀር ነበር። በተጨማሪም 38 ኦም ለጎረቤት ሄድሴት አሁንም ዝቅተኛ ነው።

ሁለተኛው በመካከል ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። ትራንስፎርመር ኢምፒዳንስን የሚለውጠው በዙሮቹ ንጽጽር ካሬ ልክ ነው። 9.5 ኦም ለሬዲዮው 300 ኦም ሆኖ እንዲታየው የዙሮቹ ንጽጽር የ300 ÷ 9.5 ካሬ ሥር፣ ማለትም 5.6 ያህል መሆን አለበት። ትራንስፎርመሩ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን የንግግር ድግግሞሽ በእኩልነት ማሳለፉ ግን መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው የማዳመጫዎቹን የውስጥ ክፍል አውጥቶ በከፍተኛ ኢምፒዳንስ መተካት ነው። ንጹሕ መፍትሔ ቢሆንም የጆሮ ሽፋኑን የድምፅ መከላከያ ብቃት እንዳያበላሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ማይክሮፎኑ፦ የከሰል ማይክሮፎን ጥላ

የማይክሮፎኑ ጉዳይ ከማዳመጫው የበለጠ ከባድ ነው። ለመረዳትም ወደ 19ኛው መቶ ዓመት መመለስ ያሻል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ኤዲሰንና ዴቪድ ሂውዝን የመሳሰሉ ሰዎች ያዳበሩት የከሰል ማይክሮፎን አሠራሩ ቀላል ነው። በስስ ሽፋን ጀርባ የታጨቁ የከሰል ቅንጣቶች በድምፅ ግፊት ሲጠጋጉ ተቃውሟቸው ይቀንሳል፤ ሲላቀቁ ይጨምራል። ከውጭ በቀጥተኛ ከረንት ሲመገቡ በውስጣቸው የሚያልፈው ከረንት በድምፁ ልክ ይወዛወዛል። ማይክሮፎኑ ራሱ እንደ ማጉያ ስለሚሠራ የሚሰጠው ሲግናል ትልቅ ነው።

የሲቪል አውሮፕላን ሬዲዮ ዛሬም ማይክሮፎኑ ከሰል እንደሆነ አድርጎ ይጠብቃል። በተቃውሞ በኩል ከ8 እስከ 16 ቮልት ያህል ይመግበዋል፤ በምላሹም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ሲግናል ይፈልጋል። የዛሬዎቹ የሲቪል ሄድሴቶች ከሰል የላቸውም። ብዙዎቹ ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ዜስለር እ.ኤ.አ. በ1962 በቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፉት ዓይነት ኤሌክትሬት ማይክሮፎን አላቸው። ነገር ግን በውስጣቸው ያለችው አነስተኛ ማጉያ የከሰሉን ጠባይ ታስመስላለች።

ወታደራዊው ሄድሴት ሌላ መንገድ መርጧል። በሰፊው የሚታወቀው ኤም-87/ኤአይሲ ማይክሮፎን ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ኢምፒዳንሱ 5 ኦም ነው። በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ በፋራዴይ ሕግ መሠረት ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ከውጭ ምግብ አይሻም። እንደ ከሰል ቅንጣት በእርጥበትና በንዝረት አይረጋም፤ ድምፁም የጠራ ነው። የሚያመነጨው ቮልቴጅ ግን እጅግ አነስተኛ ነው።

ይህን ማይክሮፎን መሰኪያውን ብቻ ለውጠን ከሲቪል ሬዲዮ ጋር ብናገናኘው ምን ይሆናል? ሁለት ነገሮች ይደርሳሉ። ሬዲዮው የሚልከው ቀጥተኛ ከረንት በጥቅል ሽቦው ውስጥ በማያቋርጥ ሁኔታ ያልፋል፤ ሽፋኑን ከማረፊያ ቦታው ይገፋዋል፤ ጥቅሉንም ሊጎዳው ይችላል። ሲግናሉ ደግሞ ሬዲዮው ከሚጠብቀው በብዙ መቶ ጊዜ ያነሰ ይሆናል። ማይክሮፎኑ 0.5 ሚሊቮልት ሰጠ፣ ሬዲዮው 250 ሚሊቮልት ይፈልጋል ብንል፣ የሚያስፈልገው ማጉላት 500 ጊዜ ወይም 54 ዴሲቤል ነው።

ትራንስፎርመር ብቻውን ይህን አይሸፍንም። 5 ኦምን ወደ 150 ኦም የሚያሳድግ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን የሚያባዛው በ30 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ5.5 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትራንዚስተር ያለው ማጉያ የግድ ያስፈልጋል። መልካም አጋጣሚ ሆኖ የማጉያው ምግብ እዚያው በማይክሮፎኑ ሽቦ ላይ አለ። ሬዲዮው 12 ቮልት በ470 ኦም በኩል ይልካል እንበል። ማጉያው በጸጥታ ጊዜ 10 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ 470 × 0.010 = 4.7 ቮልት በተቃውሞው ላይ ይወድቃል፤ ለማጉያው 7.3 ቮልት ይቀርለታል። ንግግር ሲመጣ ማጉያው ከረንቱን በ0.5 ሚሊአምፔር ከፍና ዝቅ ቢያደርገው፣ በዚያው ሽቦ ላይ 470 × 0.0005 = 0.235 ቮልት ከፍና ዝቅ የሚል ሲግናል ይፈጠራል። በሁለት ሽቦ ብቻ ምግብም ሲግናልም ይተላለፋል ማለት ነው። የከሰሉን ማይክሮፎን ባሕርይ በትራንዚስተር መልሰን ሠራነው።

ማጉላቱ ከልክ ማለፍ የለበትም። የበረራ ድምፅ ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል በአምፕሊቱድ ሞዱሌሽን ይሠራል። ሲግናሉ ከመጠን በላይ ሲሆን የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ ንግግሩም ይሻክራል። «ጮክ ያለ» ሁሉ «ግልጽ» አይደለም። ስለዚህ ማጉያው በጥንቃቄ የሚስተካከል የመጠን መቆጣጠሪያ ሊኖረው ይገባል።

ጩኸትን የሚሰርዘው ርቀት

የአውሮፕላን ማይክሮፎን ከፊትም ከኋላም ለድምፅ ክፍት ነው። ሽፋኑ የሚንቀሳቀሰው በሁለቱ በኩል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የፊተኛው ቀዳዳ ከከንፈር 1 ሴንቲ ሜትር፣ የኋለኛው 2 ሴንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። የድምፅ ግፊት ከርቀት ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚቀንስ የኋለኛው የሚያገኘው የፊተኛውን ግማሽ ነው፤ ልዩነቱ 50 በመቶ ይሆናል። ከ1 ሜትር ርቀት ለሚመጣ የሞተር ድምፅ ግን ርቀቶቹ 100 እና 101 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ የግፊቱ ልዩነት 1 በመቶ ብቻ ነው። ንግግሩ ያልፋል፤ ጩኸቱ ራሱን በራሱ ይሰርዛል።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ትምህርቶች እናገኛለን። ማይክሮፎኑ ከንፈርን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ መጠጋት አለበት፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መራቅ ጥቅሙን ያጠፋዋል። ማይክሮፎኑን ወደ ሌላ ቤት የሚያዛውር ሰው ደግሞ የኋላውን ቀዳዳ በማጣበቂያ ወይም በፕላስቲክ ቢደፍነው ጩኸትን የሚሰርዘው መሣሪያ ጩኸትን የሚሰበስብ ይሆናል።

የአደገኛው ሽቦ፦ መመለሻው

በወታደራዊው ገመድ ውስጥ የማዳመጫውና የማይክሮፎኑ መመለሻ ሽቦዎች አሉ። ሥራ ለማቅለል ሁለቱን አንድ አድርጎ መበየድ የሚያጓጓ ነው። ስሌቱ ግን ይከለክለናል። 9.5 ኦም ለሆነው ማዳመጫ 10 ሚሊዋት ብንሰጥ የሚያልፈው ከረንት 32 ሚሊአምፔር ያህል ነው። የጋራው ሽቦ ተቃውሞ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 3.2 ሚሊቮልት ይፈጠርበታል። የማይክሮፎናችን ሲግናል 0.5 ሚሊቮልት ነበር። ከማዳመጫው የሾለከው ድምፅ ከንግግሩ ከስድስት ጊዜ በላይ በልጦ ወደ ማይክሮፎኑ ማጉያ ይገባል፤ ውጤቱም የማያቋርጥ ጩኸት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ መመለሻዎች እስከ መሰኪያዎቻቸው ድረስ ተለያይተው መሄድ አለባቸው። በብረት ሣጥን የምንሠራ ከሆነም ሶኬቶቹ ሁለቱም ከሣጥኑ ጋር እንዳይገናኙ በማያስተላልፍ ቀለበት እንለያያቸዋለን።

ሌላው ሾላኪ የራሱ የአውሮፕላኑ ሬዲዮ ነው። ሲያስተላልፍ ከአንቴናው የሚወጣው ኃይል በገመዱ በኩል ወደ ማጉያው ይገባል። ትራንዚስተሩ ይህን ሞገድ እንደ ዳዮድ ሲያቃናው በሞገዱ ላይ የተጫነው ንግግር እንደገና ይወጣና ወደ ማይክሮፎኑ መስመር ይመለሳል። በማጉያው መግቢያ ላይ የሚገባ 1 ናኖፋራድ ያህል ካፓሲተር፣ የፌራይት ቀለበትና የብረት ሣጥን ይህን ይከላከላሉ።

የጆሮ ሽፋኑና የሞተሩ ድግግሞሽ

በደቂቃ 2400 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሴኮንድ 40 ጊዜ ይዞራል። ፕሮፔለሩ ባለሁለት ምላስ ከሆነ በሴኮንድ 80 የአየር ምት ይፈጠራል። ባለአራት ሲሊንደርና ባለአራት ምት ሞተርም በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚፈነዳ የፍንዳታው ድግግሞሽ እንዲሁ 80 ኸርዝ ነው። የዚህ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ከ4 ሜትር ይበልጣል። የጆሮ ሽፋኖች ከፍተኛ ድግግሞሽን በሚገባ ሲከላከሉ በእንዲህ ያለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ግን አቅማቸው ደካማ ነው። ያረጀ ወታደራዊ ሄድሴት የጆሮ ትራሱ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ያው ደካማ አቅምም በቀዳዳው ይሾልካል። ስለዚህ የማላመዱ ሥራ ከብየዳ በፊት በትራሱ መጀመር አለበት።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም 85 ዴሲቤል ጩኸትን በቀን ለ8 ሰዓት መቻያ ወሰን አድርጎ ይመክራል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪም ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። በጩኸት የተጎዳ የጆሮ ውስጥ የስሜት ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም።

ሥራው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ አውሮፕላኑን አንነካም። በአውሮፕላኑ ላይ የተገጠመን ማናቸውንም መሣሪያ መለወጥ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድና ፈቃድ ያለውን ቴክኒሽያን ይጠይቃል። ማስማሚያው ሁሉ በሄድሴቱና በመሰኪያዎቹ መካከል በምትገኝ ተነቃይ ሣጥን ውስጥ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የመሰኪያውን ግንኙነቶች በመልቲሜትር እንለካለን። የተለኩ ኦሞች ከሥዕል ይልቅ ይታመናሉ። ነገር ግን መልቲሜትር የሚለካው ለቀጥተኛ ከረንት ያለውን ተቃውሞ ስለሆነ ቁጥሩ ከተጻፈው ኢምፒዳንስ በመጠኑ ቢለይ ሊያስደነግጠን አይገባም።

ሦስተኛ፣ የማይክሮፎኑን መሰኪያ በትክክል እናገናኛለን። በፒጄ-068 ላይ ጫፉ የማስተላለፊያው ቁልፍ መስመር፣ ቀለበቱ የማይክሮፎኑ ሲግናል፣ ግንዱ መመለሻው ነው። ጫፉና ግንዱ ሲነካኩ ሬዲዮው ማስተላለፍ ይጀምራል። በስሕተት ተበይደው ቢቀሩ ሬዲዮው ያለማቋረጥ ያስተላልፋል፤ ፍሪኩዌንሲውን ለሌሎች አውሮፕላኖች ሁሉ ይዘጋል። በቴኔሪፌ ያየነው የመልእክት መጋረድ እዚህ ላይ በአንድ የብየዳ ጠብታ ሊፈጠር ይችላል።

አራተኛ፣ ሙከራው ከጠረጴዛ ይጀመር። በ12 ቮልት ባትሪና በ470 ኦም ተቃውሞ የሬዲዮውን መግቢያ መምሰል ይቻላል። ቀጥሎ በመሬት ላይ ሞተር ሳይነሣ፣ ከዚያም ሞተር ተነሥቶ ይፈተናል። በእያንዳንዱ ደረጃ በሁለተኛው ወንበር ላይ መደበኛ ሄድሴት ያደረገ ሰው ተቀምጦ የራሱ ድምፅ አለመቀነሱን ይመስክር። ወደ አየር የሚወጣውም አብራሪ የተፈተነ መደበኛ ሄድሴት በእጁ አቅራቢያ ይኑረው።

ማጠቃለያ

ወታደራዊ ሄድሴትን በቀላል አውሮፕላን ውስጥ ማሠራት ይቻላል። ማዳመጫው ትራንስፎርመር፣ ማይክሮፎኑ ማጉያ፣ መመለሻ ሽቦዎቹ መለያየት፣ የጆሮ ትራሱ መታደስ ይፈልጋሉ። የመሰኪያ መለወጥ ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉና ብቻውን ከተደረገም አሳሳቹ ነው። በክፍል ውስጥ ተራ መልመጃ የሚመስሉን የኦም ሕግና የካሬ ሥር እዚህ ላይ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው መስማቱን ወይም አለመስማቱን የሚወስኑ ሆነው አግኝተናቸዋል።

ለመለማመድ ያህል

1. የሬዲዮው መውጫ 150 ኦም፣ ማዳመጫው 8 ኦም ቢሆን የትራንስፎርመሩ የዙሮች ንጽጽር ስንት ይሆናል?
2. ባለአራት ሲሊንደርና ባለአራት ምት ሞተር ባለሦስት ምላስ ፕሮፔለርን በደቂቃ 2700 ጊዜ ቢያዞር፣ የፍንዳታውና የአየር ምቱ ድግግሞሽ ስንት ስንት ነው?
3. ማይክሮፎን 0.25 ሚሊቮልት ቢሰጥና ሬዲዮው 250 ሚሊቮልት ቢፈልግ፣ የሚያስፈልገው ማጉላት በዴሲቤል ስንት ነው?

መልስ፦ (1) 4.3 ገደማ፤ (2) 90 ኸርዝ እና 135 ኸርዝ፤ (3) 1000 ጊዜ፣ ማለትም 60 ዴሲቤል።